እስቲ ተንፍስ!

ከተወለድኩ ጀምሮ ያለ አስተማሪ ስተነፍስ ኖሬያለሁ። በቀደም አንድ ወዳጄ ትክ ብሎ አየኝና «አንተ፣ አተነፋፈስህ እኮ ልክ አይደለም» አለኝ። ብዙ ተሰድቤ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን ገና መስማቴ ነው።

አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በቀን 20,000 ገደማ መሆኑ ነው። በቀን 20,000 ጊዜ እየተሳሳትክ ነው የተባለ ሰው ምን ይበል? እኔስ ትንፋሼ ቀጥ አለ።

ትንፋሽ ደግሞ ካሰቡት ይበላሻል። ነርሶች ይህን ያውቃሉ። የእጅ አንጓ ይዘው የልብ ምት የሚቆጥሩ መስለው፣ በጎን ደረታችንን እያዩ ትንፋሻችንን ይቆጥራሉ። ከነገሩንማ ማስመሰል እንጀምራለን። ለፎቶ ሆዱን የሚያስገባ ፍጡር ምን ይታመናል?

በነገራችን ላይ ያ ሆድ ማስገባት ራሱ ጣጣ አለው። ከሳንባ በታች ያለው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ ሆድ ወጣ ማለት አለበት። እኛ ግን ቦርጫችንን ስንደብቅ በደረታችን ጫፍ ቁርጥ ቁርጥ እያልን እንተነፍሳለን።

ወዳጄ ስለ አፍንጫም አስተማረኝ። አፍንጫ አየሩን ያጣራል፣ ያሞቃል፣ ያረጥባል። አፍ ከፍቶ መተኛት ግን አፍ ያደርቃል፣ ጥርስም ይጎዳል። ይህን ሲያስረዳኝ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አፉን አልገጠመም።

ስልክስ? «እየጻፈ ነው» የምትለዋን ቃል እያየን ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። ሰውየው ሦስት ደቂቃ ጽፎ ጽፎ «እሺ» ብሎ ይልካል።

የተናደደ ሰው ሲገኝ ደግሞ ሁሉም ሐኪም ነው። «በኃይል ሳብ! ሳብ!» ይሉታል። ምስኪኑ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከልክ በላይ ተሟጦ ይወጣና የአንጎሉ የደም ሥሮች ይጠብባሉ። ያዞረዋል፣ ጣቶቹን ይወረዋል። ቅድም የተናደደ ብቻ ነበር፤ አሁን ደግፉኝ ይላል። ቁም ነገሩ ያለው ማስወጣቱ ላይ ነበር። አየር ስናስወጣ ልብ ቀስ ትላለች፤ ቀስ ብሎ፣ አስረዝሞ ማስወጣት ነው የሚያረጋጋው። ግን «አስወጣ» ብሎ የሚጮህ መካሪ አይቼ አላውቅም።

ከሁሉም ያስቸገረኝ «እፎይ» ማለት ነው። ሳይታወቀን በየጥቂት ደቂቃው በረጅሙ እንተነፍሳለን። የተጨማደዱትን የሳንባ ከረጢቶች የሚከፍትልን እሱ ነው። ይህን ለአለቃ አስረዱ እንግዲህ! ስብሰባ ላይ አለቃችን ስለ ቀጣዩ ዕቅድ ሲያወሩ አንዴ «እፎይይ» ብል፣ ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«አስተያየት አለህ?» አሉኝ።

«የለኝም። ሳንባዬ ነው።»

ማታ ቤት ገብቼም አመለጠኝ። ባለቤቴ ቀና አለች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው እንዲህ አይተነፍስም። የደበቅከኝ ነገር አለ። እስቲ ተንፍስ!»

ተነፈስኩ። በአፍንጫዬ።