ኧረ መብራቱን ዝቅ አድርጉት!

ኧረ በእናታችሁ! ትናንት ቤተሰቤን ይዤ ወንጪ ውዬ ነበር። 3,000 ሜትርን ያለፈ ከፍታ፣ ቁልቁል የሚታይ ሐይቅ፣ ልጆቹ በፈረስ። ደስ ብሎን ዋልን። መመለሻው ግን አንጀቴን አሳረረው።

ከወሊሶ አዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ነው። መሽቷል፣ ካፊያ አለ። ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅም መብራቱን ለቆብኛል። ዝቅ አድርግልኝ ብዬ ብልጭ ድርግም አደረግኩ። አንዱ ጭነት መኪና ጭራሽ ከጣሪያው ላይ ፓውዛ ጨመረብኝ! ምን በደልኩህ? ምንም አልታየኝም። የቀኝ ጎማዬ ከአስፋልቱ ጠርዝ ወርዶ ጠጠሩ ላይ ተንገጫገጨ። ዓይኔ ሲመለስ ከፊቴ ጋሪ አለ። መብራት የሌለው ጋሪ! ፍሬን ስይዝ አንድ ክንድ ቢቀረኝ ነው። ባለጋሪው ዞር ብሎ ያየኝ አስተያየት አሁንም ከፊቴ አልጠፋም።

ማብሪያው እኮ መሪያችሁ ስር ነው። በአንድ ጣት የሚነካ ነገር ነው። ሰው እስኪሞት ነው የምትጠብቁት?

ትንሿ ልጄ የእናቷን ነጠላ ዓይኗ ላይ ሸፍና "አባዬ፣ አለፈ?" ትለኛለች። እስከ ዓለም ገና ድረስ ነጠላውን አላወረደችም።