መርዝ የዘነበበት ሕዝብ ስለ ኑክሌር ቦምብ ምን ይላል?

በዋሽንግተን ዙሪያ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ የኢራን የኑክሌር ጉዳይ በዜና በተነሣ ቁጥር ጨዋታው በሁለት እንደሚከፈል ለዓመታት ታዝቤአለሁ። ከቅዳሴ በኋላ በሚነሣው ወሬ ቦምቡ የሙስሊም ስጋት ሆኖ ይቀርባል፤ «በእነርሱ እጅ ከገባ አያድርስ ነው» ይባላል። ከሙስሊም ወዳጆቼ ጋር ስቀመጥ ደግሞ ሂሮሺማን ያነደደውም፣ በሌለ መሣሪያ ወንጅሎ ኢራቅን በ2003 (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወረረውም ክርስቲያን የሚባለው ምዕራብ መሆኑ ይነገረኛል። ሁለቱም ወገኖች በእጃቸው የያዙት እውነት አለ። እኔን የሚያሳዝነኝ ሁለቱም የሚናገሩት በተሰደድንበት አገር የዜና ማሠራጫ አንደበት መሆኑ ነው፤ ስለ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ የኢትዮጵያ ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው የሚመሰክሩት የራሳችን ታሪክ፣ ኢጣሊያ ያዘነበችብን የመርዝ ጋዝ፣ በየትኛውም ጨዋታ ውስጥ አይነሣም።

ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝና ከክርስቲያኑ ወገን ልነሣ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1945 በናጋሳኪ የተጣለው ቦምብ የፈነዳው በኡራካሚ ሰፈር ሰማይ ላይ ነበር። ኡራካሚ አባቶቻቸው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በስደትና በግድያ መካከል እምነታቸውን ደብቀው ያቆዩላቸው ካቶሊካውያን የሚኖሩባት ሰፈር ናት። ካቴድራሏ ከፍንዳታው ማዕከል የምትርቀው 500 ሜትር ያህል ብቻ ስለነበር፣ በዚያች ሰዓት ኑዛዜ የሚቀበሉት ካህናትና ንስሐ ሊገቡ የመጡት ምእመናን አብረው አለቁ፤ ከ12,000 ያህል የደብሩ ምእመናን 8,500 ያህሉ እንደሞቱ ይነገራል። ቦምቡን የጣለውን አውሮፕላን ያበረረው ቻርልስ ስዊኒም ካቶሊክ ነበር። አውሮፕላኑ በተነሣባት በቲኒያን ደሴት ለካቶሊክ የአየር ኃይል አባላት ቄስ የነበሩት አባ ጆርጅ ዛቤልካ፣ ሴትና ሕፃን ሳይለዩ ከተማን ማቃጠል ኃጢአት መሆኑን ለእነዚያ ወጣቶች አለመስበካቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲቆረቁራቸው ኖሮ፣ በኋላ በአደባባይ ተናዘዋል፤ ጃፓን ድረስ ሄደውም ይቅርታ ጠይቀዋል። በዚህ አገር ከሰማኋቸው የክርስቲያን ምስክርነቶች ሁሉ የእኚህን ካህን ያህል ልቤን የነካው የለም፤ ምክንያቱም ጥፋቱን በሌላ ላይ አላላከኩም።

የሮማ ቤተ ክርስቲያንም ወደ ዛሬው አቋሟ የደረሰችው ቀስ በቀስ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ከተሞችን ከነነዋሪዎቻቸው ለማጥፋት የሚደረግ የጦር ሥራ ሁሉ በእግዚአብሔርና በሰው ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ሲል አወገዘ። ሆኖም ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ በ1982 ለተባበሩት መንግሥታት ባስተላለፉት መልእክት፣ ጠላትን በፍርሃት ለመግታት ቦምብ መያዝ ወደ ትጥቅ ማስፈታት የሚወስድ መንገድ እስከሆነ ድረስ ሊታገሡት እንደሚቻል ተናገሩ። መያዙ ራሱ ግብረ ገብነት የጎደለው ነው ተብሎ በግልጽ የተነገረው ጳጳስ ፍራንሲስ በ2019 ሂሮሺማ ላይ ቆመው ነው። ይህ ቃል የተነገረው አንድም ቦምብ ከሌላት ከቫቲካን መሆኑን ልብ ይሏል። ቦምብ ባላቸው አገሮች ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ድምፅ ከዚህ ይልቅ የተሸራረፈ ነው። በሩስያ ካህናት ሚሳይሎችን ጠበል ሲረጩ በተደጋጋሚ ታይተዋል፤ የሶቪየት የመጀመሪያው አቶሚክ ቦምብ የተሠራው የሩስያዊው መናኝ የቅዱስ ሱራፌል ገዳም በነበረበት በሳሮቭ ስለሆነ፣ ያ በየዋህነቱ የሚታወቅ መናኝ የኑክሌር ጦር ጠባቂ ቅዱስ ተደርጎ ይቆጠራል። በ2020 የቤተ ክርስቲያኒቱ አንድ ጉባኤ ሰውን ሳይለይ የሚፈጅ መሣሪያ እንዳይባረክ ሐሳብ ማቅረቡን ሳነብ ግን በዚያም የሚጨነቁ አባቶች እንዳሉ ተረድቻለሁ። እኛም ብንሆን ታቦተ ጊዮርጊስን ይዘን ዓድዋ የዘመትን ሕዝብ ነንና የዘማች ጸሎት እንግዳችን አይደለም፤ ነገር ግን ለሞት የሚሄደውን ሰው መባረክ አንድ ነገር ነው፣ ከተማ የሚያጠፋውን ብረት መባረክ ሌላ ነገር ነው።

ወደ እስልምናው ስመለስ፣ ሊቃውንቱ የሚከራከሩበት ጽሑፍ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ቁርኣን በአል በቀራ ምዕራፍ የሚዋጉአችሁን ተዋጉ፣ ነገር ግን ወሰን አትለፉ ይላል፤ በአል ማኢዳ ደግሞ አንዲትን ነፍስ ያለ ፍትሕ የገደለ የሰውን ዘር ሁሉ እንደ ገደለ ይቆጠራል። የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡበክር ወደ ሶርያ ለዘመተው ጦር በሰጡት ትእዛዝ ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ እንዳይገደል፣ የሚያፈራ ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ በገዳም የተቀመጡ መነኮሳት እንዳይነኩ አስጠንቅቀዋል። በሌላ በኩል የአል አንፋል ምዕራፍ የቻላችሁትን ያህል ኃይል አዘጋጁ የሚል ቃል ስላለው፣ ጠላት ቦምብ ካለው እኛም ሊኖረን ይገባል የሚሉት በዚያ ይጠቅሳሉ።

ይህ ክርክር በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። የሳዳም ሑሴን ጦር በ1980ዎቹ በኢራን ወታደሮችና በኩርድ መንደሮች ላይ የመርዝ ጋዝ ረጨ፤ በማርች 1988 በሐላብጃ ብቻ 5,000 ያህል ሰዎች አለቁ። ያን ጊዜ የታወቁት ኃያላን መንግሥታት ጠንከር ያለ ቃል አልተናገሩም ማለት ይቻላል። ኢራናውያን አያቶላህ ኾሜኒ በዚያው መርዝ አጸፋ መመለስን በሃይማኖት ምክንያት እንደከለከሉ በኩራት ይናገራሉ፤ ተተኪያቸው አሊ ኻሜኔይም በ2010 የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ መጠቀም ሐራም መሆኑን አስታወቁ። ይሁን እንጂ ያችው አገር ዩራኒየምን እስከ 60 በመቶ ማበልጸጓ፣ ለተራ የኃይል ማመንጫ ከሚበቃው እጅግ የራቀ በመሆኑ፣ ይህን ፈትዋ (ሃይማኖታዊ ብያኔ) ብቻ አይቶ መተማመን አይቻልም። ፓኪስታን ደግሞ በሜይ 28 ቀን 1998 በቻጋይ ተራሮች ቦምቧን ስትሞክር ዕለቱን የተክቢራ («አላሁ አክበር» የማለት) ቀን ብላ ሰየመችው፤ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትሯ ዙልፊቃር አሊ ቡቶም ክርስቲያኑ፣ አይሁዱና ሂንዱው ያለው ኃይል ሙስሊሙ ብቻ መነፈጉን እንደ ክብር ጥያቄ አንሥተው ነበር። ካዛኪስታን ሙስሊም የሚበዛባት አገር ሆና፣ ሶቪየት 456 ጊዜ ቦምብ የሞከረባትን የሴሚፓላቲንስክ ሜዳ በ1991 ዘግታ፣ የወረሰቻቸውን ከ1,000 በላይ የኑክሌር አረሮች ለሩስያ አስረክባለች። የካዛኮቹ ሽማግሌዎች የጨረር በሽታ በልጆቻቸው ሲወለድ ያዩ ስለነበሩ ቦምቡን በኩራት ሊያዩት አልቻሉም።

እነዚህን ሁሉ ጎን ለጎን ሳይ የሚታየኝ የአቋሙ ልዩነት በመስቀልና በጨረቃ መካከል አለመሆኑ ነው። መሣሪያው በእጁ ያለው ወይም ከመሣሪያው ጥላ ሥር የተጠለለው አማኝ ምክንያት ይፈልግለታል፤ የወረደበት አማኝ ግን ስሙን ወንጀል ይለዋል።

እኛ ከወረደባቸው ወገን ነን። ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ እያለች፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ የራስ እምሩ ጦር ላይ መርዝ የተሞሉ በርሜሎችን ከአውሮፕላን ጣለች፤ በማይጨውና በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ የሆነውን የወሎና የትግራይ አረጋውያን ለልጆቻቸው ነግረዋል። በደቡብ ግንባር ግራዚያኒ በኦጋዴን ያንኑ መርዝ ሲረጭ የተቃጠለው አብዛኛው ሙስሊም ነበር። በ1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በአመጸኛ ዋሻ ከአርበኞች ጋር የተጠጉ ሴቶችና ሕፃናት በጋዝ ታፍነው አለቁ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ፣ አውሮፕላኖቹ 9፣ 15፣ 18 እየሆኑ ተከታትለው ሲያልፉ መርዙ በሰውና በከብት፣ በወንዝና በግጦሽ ላይ እንደ ዝናብ እንደወረደ ለዓለም ተናገሩ። ወረራው በተጀመረበት ወር የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በካቴድራላቸው ቆመው ጦሩን ለክርስትናና ለሥልጣኔ በር ከፋች አድርገው አወድሰው ነበር፤ ሞሶሊኒ ደግሞ በ1937 ትሪፖሊ ላይ የእስልምናን ሰይፍ ጨብጦ የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝ አለ። የኢጣሊያ መንግሥት በጋዝ መጠቀሙን ያመነው በ1996 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ካርዲናሉ በሮም የብፁዕነት ማዕረግ ተሰጣቸው። ይህን ስጽፍ ቁጣዬን አልሸሽግም።

ኢትዮጵያ በዚህ ስቃይ ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ ይህን በአሜሪካም ሆነ በአገር ቤት የሚያስታውስ ሰው ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው። በ1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የኑክሌር መሣሪያ መጠቀም በሰው ዘርና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚለውን 1653ኛ ውሳኔ ያጸደቀው በኢትዮጵያ አነሣሽነት ነው። የአፍሪካና የእስያ አገሮች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አብረዋት ቆሙ። በሰነዱም የ1925ቱ የመርዝ ጋዝ ክልከላ ተጠቅሷል። 55 አገሮች ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከተቃወሙት መካከል አሜሪካና ብሪታንያ፣ እንዲሁም በዚያ ዘመን የአሜሪካ የኑክሌር ሚሳይሎች የሚተከሉባቸው ካቶሊካዊት ኢጣሊያና ሙስሊም ቱርክ ነበሩ።

በአገር ቤት የካቲት 12ን በየዓመቱ እናስባለን፤ የጋዙ ሰለባዎች ግን ለብቻቸው የሚታሰቡበት ቀን የላቸውም። እዚህ ደግሞ በየዓመቱ በኦገስት መጀመሪያ የአሜሪካ የሰላም ወዳጆች ሂሮሺማንና ናጋሳኪን ለማሰብ ይሰበሰባሉ፤ በመካከላቸው የአበሻ ቄስ ወይም የአበሻ ኢማም ቆሞ ሲናገር አላየሁም። የደብራችን አስተዳዳሪና የወንድሞቻችን መስጊድ ኢማም በሚቀጥለው ኦገስት አብረው ሄደው፣ አንዱ የጄኔቫውን ንግግር፣ ሌላው የአቡበክርን ትእዛዝ፣ ሁለቱም የ1961ዱን ውሳኔ በእንግሊዝኛና በአማርኛ እንዲያነቡ በግልጽ እጠይቃለሁ።