ማስጠንቀቂያው ለጎረቤት ነው

ከአይሁድ አዲስ ዓመት በፊት ያለው የንስሐ ወር ኤሉል ገብቶ፣ በማለዳ በምኩራብ ሾፋር (የበግ ቀንድ መለከት) መነፋት ሲጀምር የሕንፃችንን የሦስተኛ ፎቅ ጋሼ ማየት ነው። ቀንዱ ሲጮኽ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ዞር ይሉና ከኋላ የተቀመጠውን ሰው በሐዘኔታ ያዩታል። ሰማህ አይደል ልጄ፣ ላንተ እኮ ነው! የመካከለኛው ዘመን ታላቁ የሕግ ሊቅ ራምባም የሾፋር ድምፅ «እናንተ የተኛችሁ ንቁ፣ ሥራችሁን መርምሩ» እንደ ማለት ነው ብሎ ጽፏል። ጋሼ ግን መቼ ተኝተው! የሰፈሩን እንቅልፍ የሚቆጥር ሰው በየት በኩል ያሸልበዋል?

ዛሬ ይህን ተሰጥኦ ላመሰግን ነው የተነሣሁት። የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ በእስራኤል ከነታንያ እስከ ቤርሼባ፣ ኪፓ (የሃይማኖተኞቹን ቆብ) ያደረገውም ያላደረገውም ተክኖበታል። ጋሼ ግን ሊቁ ናቸው።

ልብ በሉ፣ እምነት አልጎደላቸውም። መከራ ሲመጣ «አጋጣሚ ነው፣ የዓለም ጠባይ ነው» ብሎ ማለፍን ራምባም በጾም ሕጎቹ መጀመሪያ ላይ ጭካኔ ይለዋል፤ ሰው በክፉ ሥራው እንዲጸና ያደርጋላ። ጋሼ ደግሞ አጋጣሚ የሚባል ነገር አያውቁም። ሁሉም ከላይ ነው። መልእክቱን ከነማኅተሙ ይቀበላሉ፣ አድራሻውን ብቻ ያስተካክላሉ። ሕንፃው መግቢያ ላይ የፖስታ ሳጥኖች ተደርድረው የለ? እንደዚያ አስቡት። በስማቸው የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ እያወጡ፣ ይሄ ለአንደኛ ፎቅ፣ ይሄ ሙዚቃ ለምታስጮኸዋ ልጅ፣ ይሄ ለቴል አቪቮች፣ ይሄ ለመንግሥት እያሉ ሲያድሉ ይውላሉ። የራሳቸው ሳጥን ምንጊዜም ባዶ ነው።

በቀደም ሌሊት መሬቱ ወዝወዝ አለ። ትንሽ ናት፣ ብርጭቆ ከብርጭቆ ብታጋጭ ነው። እኔ በፒጃማ ደረጃውን ስወርድ ጋሼ ምርመራቸውን ጨርሰው ታች ደርሰዋል። ጥፋተኛው ታውቋል፤ ሰንበት ጠዋት መኪና የሚያስነሣው የአንደኛ ፎቁ ልጅ። ከታልሙድ፣ ከረቢዎቹ የሕግና የትምህርት መጽሐፍ፣ ማስረጃ አላቸው እኮ፦ ሰው መከራ ሲደርስበት ሥራውን ይመርምር ይላል። «ሥራውን» ሲል የማንን ሥራ እንደሆነ ግን በአማርኛ አይለይም። ጋሼ ሰዋስው ያውቃሉ።

ከድሮ ሰዎች ጋር ብታነጻጽሯቸው ነው የሚገርማችሁ። ሐፌጽ ሐይም ስለሚባሉት ስመ ጥር ረቢ የሚተረክ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1923 ጃፓን በመሬት መንቀጥቀጥ ተመትታ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ሲያልቅ፣ እኚህ ሽማግሌ ረቢ ራዲን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ያኔ ፖላንድ በነበረችው፣ ተቀምጠው ተንቀጠቀጡ አሉ። ንስሐ እንግባ አሉ። በቶኪዮ ፍርስራሽ ራዲን ያለ ሰው ምን አገባው! ጋሼ ቢሆኑ የጃፓኖችን ጣዖት ቆጥረው ጉዳዩን በአምስት ደቂቃ ይዘጉት ነበር።

ዮናስማ የባሰ ነው። መርከብ ሙሉ ሰው እያለ፣ ያውም እያንዳንዱ የየራሱን ጣዖት እየጠራ፣ እሱ ተነሥቶ «ማዕበሉ በእኔ ምክንያት ነው የመጣባችሁ» ብሎ እርፍ። ጋሼ በዚያ መርከብ ቢሳፈሩ ዓሣው ጦሙን ያድር ነበር።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እየተባለች ስሟ የጠፋው ሴትዮም ትካስልኝ። በጎ አድራጊ ነበረች።

የይቅርታው ነገር ደግሞ አለ። ሚሽና፣ የታልሙድ መሠረት የሆነው የጥንት የሕግ መጽሐፍ፣ ዮም ኪፑር (የማስተሰረያው ጾም ቀን) በሰውና በሰው መካከል ያለውን በደል አያስተሰርይም ይላል፣ የበደሉትን ካላስታረቁ በቀር። ራምባም ይጨምርበታል፤ ተበዳዩ እምቢ ካለ ሦስት ሰው ይዘህ ሂድ፣ እምቢ ካለ ድገም፣ አሁንም ሠልስ። ሽማግሌ መላክ ማለት ነው እንግዲህ። ገንዘብም ከሆነ መመለሱ ብቻ አይበቃም፣ ይቅርታውም አለበት። ይህን ሁሉ ደረጃ ወጥቶ ወርዶ ማን ይችለዋል? ጋሼ በአንድ ጣት ጨረሱት። በዋዜማው ለሕንፃው ቡድን በዋትስአፕ ላኩ፦ «ሳላውቅ ያስቀየምኩህ/ሽ ነገር ካለ ይቅር በለኝ/በይኝ።» ሳላውቅ! የቃሉ ውበት። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልከፈሉት የቫዓድ ባይት (የሕንፃው ኮሚቴ) ገንዘብ እያወቁ ስለሆነ እዚህ ውስጥ አይገባም። ያቺ ሰረዝ ግን ልቤን ነካችው። ወንድ ልሁን ሴት እንኳ ለማጣራት ጊዜ ሳያጠፉ ይቅር ተባባልን።

ጎንደር የነበሩት ቤተ እስራኤል አባቶቻችን ዮም ኪፑርን አስተስርዮ ይሉት ነበር፣ ከዚያ እስከ ስግድ በዓል 50 ቀን እየቆጠሩ ራሳቸውን ይመረምሩ ነበር። ሃምሳ ቀን! ለአንድ ሰው! ጋሼ በሃምሳ ቀን ሙሉ ከተማውን ይመረምራሉ።

በኪፑር ምኩራብ ውስጥ ብታዩዋቸው ደግሞ። ውጪ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ልጆች በብስክሌት አውራ ጎዳናውን ይዘውታል፤ ውስጥ ኑዛዜው ይነበባል። በደልን፣ ከዳን፣ ቀማን። ኑዛዜው ሁሉ በ«እኛ» ነው፣ ለጋሼ የተመቸ። አንድ ጊዜ ደረታቸውን ይመታሉ፣ አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ይወረውራሉ። «ቀማን» ላይ ሲደርሱ የቫዓዱን ገንዘብ ያዥ አዩት። አቤት አስተያየት!

ከሰዓት በኋላ የዮናስን መጽሐፍ የማንበብ ክብር ለጨረታ ወጣ። ሀብት ያመጣል ስለሚባል በየምኩራቡ ይሻማሉ። ጋሼም ተጫረቱ። (በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ አልጠየቅሁም፣ ዕለቱ ዕለት ነው።) ተሸነፉና ከጎኔ ተቀመጡ። ንባቡ ነነዌ ደረሰ። አርባ ቀን ተሰጣቸው፣ ንጉሡ ከዙፋኑ ወረደ፣ ከብቱ ሳይቀር ማቅ ለበሰ። በሚሽና ዘመን በጾም ቀን ሽማግሌው ተነሥቶ ለሕዝቡ የሚናገረው ይህንኑ ነው፦ ማቃቸውንና ጾማቸውን አየ አልተባለም፣ ሥራቸውን አየ ነው የተባለው። እዚህ ላይ ጋሼ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«ስማ ልጄ፣ በደንብ ስማ፤ ላንተ ነው።»

እኔም ከፊቴ የተቀመጠውን አማቼን ትከሻውን ነካ አደረግሁት።