«እንደየሰዉ ነው» የማይባልባቸው ጌሞች

ባለፈው ክረምት የእህቴን ልጅ ይዤው አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። 14 ዓመቱ ነው። ሜሪላንድ ተወልዶ እዚያው ያደገ፣ አማርኛ በደንብ የሚሰማ፣ ሲመልስ ግን የጀመረውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ የሚጨርስ ልጅ ነው። ለጌም ያለው ፍቅር ለብቻው ነው። እቤታቸው አዲሱ ፕሌይስቴሽን አለ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ፣ የማይቋረጥ ኢንተርኔት አለ። አንድ አዲስ ትልቅ ጌም 70 ዶላር ስለሆነ እናቱ ዝም ብላ አትገዛም፤ እሱም ከመጠየቁ በፊት ነጥብ ያያል። ሜታክሪቲክ የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ የሃያስያንን ውጤት ሰብስቦ ከ100 አንድ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ልጁ ጌሙን አይነካውም።

አንድ ቀን ኮልፌ፣ ካደግኩበት ሰፈር፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ወሰድኩት። የቆርቆሮ ቤት ነው። አግዳሚ ወንበር፣ አራት ቴሌቪዥን፣ በሩ ላይ መጋረጃ። ሦስቱ ላይ ፕሌይስቴሽን 4 ተሰክቷል። ጥጉ ላይ ግን የኔ ዘመን ፕሌይስቴሽን 2 አሁንም ይሠራል፣ ወረፋም አለው። ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል። የሚጫወቱት ፔስ 6 ነበር፤ በ2006 የወጣ የኳስ ጌም (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ልጁ ሰዎቹ ፊት የሌላቸው የሚመስሉበትን ስክሪን አየና «አጎቴ፣ ይሄ እኮ መጥፎ ነው» አለኝ፣ በአማርኛ። ወንበሩ ላይ የነበረው ልጅ ሰማው። «ና ቁጭ በልና ከዚያ ፍረድ» አለው። 5 ለ 0 ተሸነፈ። ከፈልኩለት። ወረፋው መጨረሻ ላይ ሄዶ ደግሞ ቆመ። እስኪመሽ አልወጣንም።

ማታ እራት ላይ «እሺ፣ ጥሩ ጌም ነው ወይስ መጥፎ?» ብዬ ጠየቅኩት። «እንደየሰዉ ነው» አለኝ።

ይህችን መልስ በደንብ አውቃታለሁ። አሜሪካ በኖርኩባቸው ዓመታት በሥራ ቦታም በጓደኛ መሀልም ስንት ወሬ እንደዘጋች። ጨዋነት አላት፣ አልክድም፤ የሰው ምርጫ እንዳይናቅ፣ ማንም ማንንም እንዳያሳፍር የምትባል ናት። እኛ ሰፈር ግን በዚህች መልስ ተነስቶ የሚሄድ ሰው አልነበረም። «ለምን?» ይባላል። ኳሱ ለምን እንዲህ ሄደ፣ በረኛው ለምን አልወጣም፣ የትኛው ጌም ላይ ነው ተከላካይ በትክክል የሚሸሸው፣ እየተባለ መብራት እስኪሄድ ክርክር ነው። መብራት ሲሄድም አይቆምም፤ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እንቀጥላለን። እኔ ዛሬም ከዚያ ወገን ነኝ። ጌም ጥሩ ወይም መጥፎ ሲባል ውስጡ የምርጫ ጉዳይ የሆነ ነገር አለ፣ ፈጽሞ የምርጫ ጉዳይ ያልሆነ ነገርም አለ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ «እንደየሰዉ» ማለት ለማሰብ ካለመፈለግ የሚመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

በኛ ጊዜ ክርክሩ ፔስ ወይስ ፊፋ ነበር። ፊፋ የሚባለው ሌላው የኳስ ጌም የክለቦቹን ትክክለኛ ስምና ማሊያ በፈቃድ ይዞ ነበር። ፔስ 6 ላይ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» ነው፣ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ» ነው። በዚህ ፊፋ ይበልጣል፤ ማንም አይከራከርም። ኳሱ ላይ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ፔስ ላይ ኳሷ ከእግር የምትለይ ነገር ናት፤ ክብደት አላት፣ በመጥፎ እግር ከመታሃት ትበላሻለች። እና እነዚያ የማሊያ ስም በትክክል ማንበብ የማይችሉ ሕጻናት ይህን በእጃቸው ለይተው ያውቁት ነበር። ስሙ ትክክል የሆነውን ትቶ እንቅስቃሴው ትክክል የሆነውን መምረጥ፣ ይሄ ምርጫ ነው። ሁለቱን ነጥሎ ማየት ግን እውቀት ነው።

አድሪያኖን፣ የብራዚሉን አጥቂ፣ የሚያስታውስ አለ? ፔስ 6 ላይ የሹት ኃይሉ 99 ነው። ኢንተር ሚላንን የያዘ ልጅ ከመሀል ሜዳ ትንሽ አልፎ በግራ እግር ይለቀዋል፣ በቃ። እኛ ፕሌይስቴሽን ቤት ኢንተርን መያዝ ተከለከለ። ባለቤቱ አይደለም የከለከለው፣ ተጫዋቾቹ ተስማምተው ነው። አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ የጌም ሠሪዎች ሚዛን የሚሉትን፣ አንድ ነገር ከልክ በላይ ጠንክሮ ሌላውን ምርጫ ሁሉ ከንቱ እንዳያደርገው የሚጠነቀቁትን ነገር፣ ማንም ሳያስተምረን ጉድለቱን አይተን በሕግ ጠግነነዋል። አድሪያኖን የሚወደው ልጅ ሳይቀር ተስማምቷል። የሚወደው እሱ ነው፣ ጉድለቱን ግን ሁላችንም አይተናል።

በዚህኛው ጉዞ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ባለቤቱ ለፕሌይስቴሽን 2ው አዲስ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ገዝቶ ነበር። ልጆቹ እምቢ አሉ። «ይጎተታል» አሉት። ወደዚያ ከኋላው ወፍራም ወደሆነው አሮጌ ቴሌቪዥን መለሰው። ልክ ነበሩ። የድሮው ቴሌቪዥን ምልክቱ እንደደረሰው በቀጥታ ያሳያል፤ አዲሱ ምስሉን ከራሱ ስክሪን ጋር ለማስማማት መጀመሪያ ይሠራበታል፣ ያ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። የሰከንድ ቁራጭ ነው። ግን በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ጌም ላይ አንዱ ምስል የሚቆየው ከ17 ሚሊሰከንድ ያነሰ ነው፤ 30 ምስል ላይ ወደ 33 ይሆናል። እነዚህ ልጆች ሚሊሰከንድ የሚለውን ቃል ላያውቁት ይችላሉ። አውራ ጣታቸው ግን ያውቀዋል፤ በየጨዋታው ስለሚከፍሉ ሳያውቁት ማለፍ አይችሉም።

ሠሪዎቹ ራሳቸው ያመኑበት ጊዜም አለ። ኮናሚ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ፔስን ዘግቶ በምትኩ ኢፉትቦልን ያወጣው መስከረም 30 ቀን 2021 ነው። በነጻ። ስቲም የሚባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር ላይ የገቡት ተጫዋቾች በሰዓታት ውስጥ የሰጡት ፍርድ በመደብሩ ካሉት ሁሉ የመጨረሻው ዝቅተኛ ሆነ። የሜሲና የሮናልዶ ፊት ተጣሞ፣ ተጫዋቹ ተንሳፎ፣ ኳሷ አልታዘዝ ብላ። ኩባንያው በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀ፤ የፊት ገጽታውን፣ የተጫዋቾቹን እንቅስቃሴና የኳሷን ጠባይ ስሙን ጠርቶ። እንደየሰዉ ቢሆን ኖሮ ለምን ይቅርታ? ለዚያውም አንድ ሳንቲም ያልከፈለ ሰው ነው ያማረረው። አማረሩ፣ ምክንያቱም ዓመታት የተጫወቱት ጌም ከዚያ በፊት ይህን ሁሉ በትክክል ይሠራ ስለነበር፣ የጠፋውን ያውቁታል።

ወንድሞቼ፣ ይሄ ነገር ለኛ አዲስ አይደለም። ቡና አለን። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ አንዷ የሐረር ካልሆነ አልጠጣም ትላለች፣ ሌላዋ ይርጋጨፌ ትላለች፤ እድሜ ልካቸውን ቢከራከሩ አይፈረድም፣ አያስፈልግምም። ሻጋታ የሸተተ ቡና ሲመጣ ግን ሁለቱም ስኒውን ያስቀምጡታል። የቡና ቀማሾች ሥራ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በደንብ የሠለጠኑ ሰዎች አንድ ዓይነት ስኒ ቀምሰው ከ100 ነጥብ ይሰጣሉ፤ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘው ልዩ ቡና ይባላል። የተበላሸ ፍሬ በእጅ ይቆጠራል። ምላሳቸው የየራሳቸው ነው፣ የሚሰጡት ነጥብ ግን ይቀራረባል፤ ምክንያቱም አብረው ተለማምደዋል፣ ምን እንደሚፈልጉም በቃል ተስማምተዋል። ገበሬው የሚያገኘው ዋጋ በዚህ ፍርድ ነው የሚወጣው። እዚያ ሄዶ «ጣዕም እንደየሰዉ ነው» የሚል ካለ ጥሩ ቡና የለቀመውን ሰው ልፋት እየካደ ነው።

እና የእህቴ ልጅ ቁጥር ማየቱ ልክ ነው ማለት ነው? እዚህ ላይ ነው የምጠነቀቀው። በ2010 የወጣ ፎልአውት ኒው ቬጋስ የሚባል ጌም አለ። የሠሪዎቹ ጉርሻ ሜታክሪቲክ ላይ 85 ሲገባ የሚከፈል ነበር፤ 84 አገኘ። በአንድ ነጥብ ቀረ። ዛሬ ብዙ ተጫዋች ከተከታታዩ ሁሉ እሱን ያስቀድማል። ሳይበርፐንክ 2077ም አለ። ታኅሣሥ 2020 ሊወጣ ሲል ሃያስያኑ የፈተሹት በኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር፤ ነጥቡ ከፍ አለ። ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ሰው ገዝቶ ሲከፍተው ስታክ ያደርጋል፣ ይዘጋል። የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ ጌሙን ከመደብሩ አውጥቶ ለገዢዎቹ ገንዘብ መለሰ፤ ጌሙን ወደ መደብሩ የመለሰው በሰኔ 2021 ነው። ቁጥሩ ጠንካራ ኮምፒውተር ላለው ሰው እውነት ነበር። ለሌላው አልነበረም።

እኛ አገር ያለው ተጫዋች ማን ነው? ይሄን ጥያቄ ማንም አይጠይቅለትም። ኮልፌ ላየኋቸው ልጆች፣ ከ100 ጊጋባይት በላይ ማውረድ የሚጠይቅ፣ ብቻህን ብትጫወት እንኳ ኢንተርኔት ካልተገናኘ የማይከፈት ጌም ትልቅ ጉድለት አለበት። ሜሪላንድ ይሄ ጉድለት አይታይም። መብራት በማንኛውም ደቂቃ ሊሄድ በሚችልበት ቤት፣ የደረስክበትን ቶሎ ቶሎ የማያስቀምጥ ጌም የሰው ድካም ይበላል። አንድ ጆይስቲክ በመቶ እጅ በሚዞርበት ቦታ፣ በአምስት ደቂቃ ተምረህ ለዓመታት የማትጨርሰው ጌም ከሁሉ ይበልጣል። የእህቴ ልጅ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ 60 ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ ይጫወታል፤ ደስ ይለዋል፣ እኔም አብሬው አይቼ የወደድኩት አለ። ግን በዚያ መስፈሪያ ፔስ 6ን ሲሰፍረው «መጥፎ» አለ። ገበጣንስ በዚያ ቢሰፍረው ምን ይለዋል? መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድና በጠጠር የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፣ ከኛ አያቶች አያት በፊት የነበረ፤ እስካሁን የሚያሰላስል ሰው አላጣም።

አንድ የሚያሳስበኝን ነገር ልናገር። አሁን አገር ቤት ጌም የሚሠሩ ልጆች አሉ። ቅኔ ጌምስ ኩኩሉንና ገበጣን ለስልክ ሠርቶ አውጥቷል፤ ከዚያም ወዲህ በግላቸው የሚሞክሩ ወጣቶች አሉ። እኛ ውጭ ያለነው ስናገኛቸው ምን እናደርጋለን? ወይ «የሀበሻ ነው» ብለን ሳንከፍተው እናልፋለን፣ ወይ የኛ ስለሆነ ብቻ እናሞግሳለን። ሁለተኛው ፍቅር ይመስላል። ለሠሪው ግን ምንም አይጨምርለትም።

እኔም አድርጌዋለሁ። ባሕር ዳር የሚማር አንድ ልጅ በዘመድ በኩል የራሱን የስልክ ጌም ላከልኝ። የሚኒባስ ረዳት ነው፤ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እየዘለለ ሳንቲም ይሰበስባል። ሥዕሉ ያምራል፣ ድምፁ የሰፈር ድምፅ ነው፣ «ፒያሳ፣ ፒያሳ» ሲል ልቤ ሄደ። «በጣም ቆንጆ ነው፣ በርታ» ብዬ ጻፍኩለት። ከዚያ ስልኩን ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት። ከኮልፌ ከተመለስን ሁለት ወር ሆኖታል። ሦስቴ አራቴ ሞከረው። «አጎቴ፣ ይጎተታል» አለኝ፣ እዚያ የተማራትን ቃል። «ስነካው አይደለም የሚዘለው፣ ከነካሁት በኋላ ነው።» እንዴት እንደሚጎተት፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚብስ፣ በአሮጌው የእናቱ ስልክ ሞክሮ እዚያ ጭራሽ ሀንግ እንደሚያደርግ፣ ሁሉንም በድምፅ ቀዳልኝ። ለመላክ ተጨነቅኩ። ልጁ ቅር ይለዋል ብዬ አንድ ቀን አሳደርኩት። ከዚያ ላክሁት።

መልሱ በሰዓት ውስጥ መጣ። «ጋሼ፣ ልጁን አመስግንልኝ። ለ40 ሰው ልኬ ሁሉም ቆንጆ ነው አለኝ፣ ይሄን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲሱን ላከ። የእህቴ ልጅ በእናቱ አሮጌ ስልክ ከፈተው። ነካው፣ ረዳቱ ዘለለ።