የቢጫ ወባ ክትባት ከወባ አይከላከልም
ይህን አስተያየት የምሰጥበት፣ ስለ ኡጋንዳ ጉዞና ስለ ወባ የወጣው ጽሑፍ «ኢትዮጵያዊ ወባ ባለበት አገር ስላደገ ወደ ኡጋንዳ ሲሄድ መከላከያ መድኃኒት አያስፈልገውም» ማለቱ በተለይ ለእኛ ለደሴ ሰዎች አደገኛ ምክር ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ከተማ በመሆኗ እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነት ወባን አያውቃትም፤ ቆላ ያደገ ሰው እንኳ ያዳበረው ከፊል የመቋቋም አቅም ለዓመታት ደጋ ሲቀመጥ ይዳከማል። ታናሽ ወንድሜ ለንግድ ካምፓላ ሁለት ሳምንት ሰንብቶ በተመለሰ በዐሥረኛው ቀን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲለው፣ እኛ የደሴ ብርድ የመታው መስሎን ሦስት ቀን ሙሉ ዝንጅብል እያፈላን አስተኛነው፤ ደሙ ሲመረመር ግን ፋልሲፓረም የተባለው፣ ቶሎ ካልታከመ የሚገድለው የወባ ዓይነት ተገኘበት። በዚሁ ጽሑፍ ላይ ከእኔ በፊት አስተያየት ሲሰጡ «የቢጫ ወባ ካርድ ከያዙ በቂ ነው» ብለው የጻፉትን የኮምቦልቻ ሰውም፣ በቅንነት እንደጻፉት ባልጠራጠርም፣ የበሽታው ስም አሳስቷቸዋል። ቢጫ ወባ በቫይረስ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው፤ ክትባቱ ከጉዞ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ የሚወሰድ ሲሆን፣ ምስክር ወረቀቱም (ካርዱ) እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ለወባ ግን ተጓዡ ከሐኪም ጋር ተማክሮ የሚወስደው ኪኒን አለ፤ ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን የታዘዘለት ሰው ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድሞ ጀምሮ፣ ከተመለሰ በኋላም 4 ሳምንት ሳያቋርጥ በየቀኑ መዋጥ አለበት። ወንድሜ የቢጫ ወባ ካርዱን በእጁ ይዞ ነበር፤ ስለ ኪኒኑ ግን የነገረው ሰው አልነበረም።