የሰገራ ምርመራችን 2 ሚሊግራም ላይ ቆሟል

ሆዱን የሚቆርጠው ልጅ ጤና ጣቢያ ሲሄድ የሚሆነውን እናውቃለን። ትንሽ ዕቃ ይሰጠዋል፣ ሰገራ ይዞ ይመለሳል። ባለሙያው በእንጨት ጫፍ ቆንጠር አድርጎ ስላይድ (ትንሽ መስታወት) ላይ ከሳላይን (ጨው ውሃ) ጋር ያሸውና በማይክሮስኮፕ ያያል። ወረቀቱ ላይ «ምንም አልታየም» ይጻፋል። እናት «ተመስገን» ብላ ልጇን ይዛ ትወጣለች።

እኔም ላብራቶሪ ስሠራ ይህን ውጤት ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ። አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል።

ስላይዱ ላይ የሚያርፈው ሰገራ 2 ሚሊግራም ገደማ ነው። ትሪኩሪስን እንውሰድ። ጅራፍ የሚመስል፣ 4 ሴንቲሜትር ገደማ የሚረዝም ትል ነው፤ ቀጭኑን ጫፉን ትልቁ አንጀት ግድግዳ ውስጥ ሰክቶ ይኖራል። በአንድ ግራም ሰገራ 100 እንቁላል አለ እንበል። አምስት ስላይድ ቢሠራ በአማካይ የሚገኘው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። እኛ ደግሞ የምንሠራው አንድ ስላይድ ነው። እንቁላሏ እኮ ከተገኘች አታሳስትም፦ ቡናማ በርሜል ትመስላለች፣ ሁለቱም ጫፏ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ውታፍ አላት።

ካቶ ካትዝ የሚባለው ዘዴ 41.7 ሚሊግራም ያያል። ሰገራው በወንፊት ይጠለላል፣ መጠኑ በታወቀ የሰሌዳ ቀዳዳ ይለካል፣ ግሊሰሪን በጠጣ ሴሎፋን ይሸፈናል። የተቆጠረው በ24 ሲባዛ በግራም ስንት እንቁላል እንዳለ ይታወቃል። ለጥናት ሲሆን በየትምህርት ቤቱ እንሠራዋለን። ለታመመ ልጅ ሲሆን ለምን እንተወዋለን?

«የትል ክኒኑን ሰጥቶ መሸኘት አይሻልም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። አንዲት የአልበንዳዞል ክኒን ወስፋትን ጥሩ አድርጋ ታስወጣለች፤ ትሪኩሪስን ግን አብዛኛውን ጊዜ አትጨርሰውም። ሕክምናው ሦስት ቀን መወሰድ አለበት። ስለዚህ የትኛው ትል እንደሆነ ማወቅ መድኃኒቱን ይለውጣል።

ወረፋው ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ለሁሉም ይሠራ አላልኩም። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የቆየበት፣ ደም ያነሰው፣ ፊንጢጣው የሚወጣ ልጅ ሲመጣ ግን በአንድ ስላይድ አይሸኝ። ካቶ ካትዝ ይሠራለት፤ ካልተቻለ በማግስቱ ሌላ ናሙና ያምጣ። ውጤቱ ወረቀት ላይም በየትኛው ዘዴ እንደታየ ይጻፍ፤ ቀጥሎ የሚያክመው ሐኪም የታየው 2 ሚሊግራም ብቻ መሆኑን ይወቅ።