ሐሳብዎ በግብዓትነት ተወስዷል

እንደኛ አገር ሕዝብ የሚያማክር የት ይገኛል? ወርቁ ተቆፍሮ ሲያልቅና ጉድጓዱ ሲቀር፣ «ይሄ መሬት ወደፊት ምን ይሁን?» ተብሎ የአካባቢው ሰው ይጠየቃል። የሚጠየቀው ዕቅዱ ተጠርዞ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ነው። ታዲያ በባዶ ወረቀት ሕዝብ ይጨነቅ?

አሠራሩ እንዴት ደስ እንደሚል! «የባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ» የሚል ባነር ይሰቀላል። ሦስት ሰዓት የተባለው አምስት ሰዓት ላይ ይጀመራል። ከመክፈቻ ንግግሩ ቀጥሎ ፓወርፖይንት አለ። ስላይዱ ላይ ጉድጓዱ ሐይቅ ሆኗል። ዳር ዳሩን ጃንጥላ ሥር ማኪያቶ የሚጠጡ ሰዎች ተቀምጠዋል። ከብት ግን አንድም አይታይም፤ ሥዕሉን ያበላሻል።

ለምሳ አሥር ደቂቃ ሲቀር «እስቲ ለሕዝቡም ዕድል እንስጥ» ይባላል። አንድ አባት ይነሳሉ። መጀመሪያ ይመርቃሉ፤ ከዚያ «ከብቶቻችን የሚጠጡት ውኃ ተመርምሮ ይነገረን። ጉድጓዱንስ ማን ነው የሚደፍነው? ገንዘቡ ተይዟል ወይ?» ይላሉ።

«አባታችን፣ እጅግ ገንቢ ሐሳብ ነው፤ በግብዓትነት ወስደነዋል።»

ጭብጨባ! ግብዓቱ የት ገባ ብሎ የሚነዘንዝ የለም፤ ምሳ ደርሷል።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሕዝቡ፣ በተለይም ጉዳቱ የሚነካው ማኅበረሰብ አስተያየት በጥናቱ ውስጥ ይካተት ይላል። ይኸው ተካቷል እኮ! ከሰነዱ ጀርባ፣ ከነፊርማቸው። እርግጥ የፈረሙት ለአበል ነበር። ቢሆንም ፊርማ ፊርማ ነው፤ «ማኅበረሰቡ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ለማለት ይበቃል።

መድረክ የማይጠብቅ ሕዝብ ምን እንደሚያደርግም አይተናል። በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያ ጉጂ ዞን ያለው የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን ፈቃድ ሲታደስ፣ የጉጂ ሰው «እኛም ከብቶቻችንም ተጎድተናል» ብሎ አደባባይ ወጣ። የውይይት መሪ የለ፣ የታሸገ ውኃ የለ፣ ሻይ ቡና የለ። የማዕድን ሚኒስቴሩም ሥራውን አገደ። እንዲህ ዓይነት ሥነ ሥርዓት የጎደለው ተሳትፎ! የሕዝብ ሐሳብ ግብዓት ሳይሆን በቀጥታ ውሳኔ ላይ ዘሎ ሲወጣ ባለሙያው ምን ሊሠራ ነው?

ደግነቱ እኛ ጋ ሁሉም በወጉ ነው። በሚቀጥለው መድረክ ሕዝቡ ራሱ ለሐይቁ ስም ያወጣል፤ በነፃነት፣ ያለማንም ጣልቃ ገብነት። ስሙ ያለበት ቲሸርትም ታትሞ ደርሷል።